«እስቲ አንብብልኝ»፦ አረጋውያንና የእጅ ስልክ

የጡረታ ደመወዝ በሚገባበት ሰሞን አንድ የባንክ ቅርንጫፍ በር ላይ ትንሽ ቆም ብለው ይመልከቱ። ከውስጥ ካሉት ሠራተኞች ይልቅ ሥራ የሚበዛበት በር ላይ የቆመው ጥበቃ ነው። አንድ አባት ከኮታቸው የውስጥ ኪስ ባለቁልፍ ስልክ ያወጣሉ። ስልኩ በላስቲክ ታስሯል፤ የባትሪው ክዳን እየወለቀ ስላስቸገረ ነው። «እስቲ አንብብልኝ ልጄ፣ ገብቷል?» ጥበቃው ዱላውን ብብቱ ሥር ሸጉጦ መልእክቱን ያነባል። «ገብቷል አባባ፣ ቀሪው ይኸው።» ቀሪውን ሲናገር ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። የአባት ጆሮ ግን ደከም ብሏል። «ስንት አልክ?» ይላሉ። በዚህ ጊዜ ሰልፉ በሙሉ የአባትን ሒሳብ ያውቃል።

ስለ አረጋውያንና ስለ ስልክ ሲወራ የሚቀድመው ቀልድ ነው። «የደወሉላቸው ደንበኛ መስመር ላይ የሉም» ለሚለው የተቀዳ ድምፅ «እሺ የኔ ልጅ፣ ቆየት ብዬ እደውላለሁ፣ እግዜር ይስጥሽ» ብለው ስለመለሱት እናት ያልሰማ የለም። ቀልዱን የሚከተለው ፍርድ ደግሞ አጭር ነው፦ ሽማግሌ አዲስ ነገር ይፈራል። ይህ ፍርድ እኛ አገር ረጅም ዕድሜ አለው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1894፣ ስልክ ወደ አገር ሲገባና አዲስ አበባን ከሐረር የሚያገናኘው ወደ 477 ኪሎ ሜትር የሚደርስ መስመር ሲዘረጋ፣ ሰው በሌለበት ድምፅ የሚያሰማው ሽቦ የሰይጣን ሥራ ነው ያሉ ነበሩ ይባላል። ይህ ወሬ እስከ ዛሬ የሚተረተው ለመሳቂያ ነው። አጤ ምኒልክ ራሳቸው ያኔ ሃምሳ ዓመት እንደ ሞላቸው ግን የሚያነሳ ሰው የለም።

እኔ ጉዳዩን ስከታተለው በኖርኩበት መጠን ፍርሃት የሚለው ቃል አላረካኝም። ያየኋቸው አብዛኞቹ አረጋውያን ስልክን የሚይዙት ገበያ ላይ በግ እንደሚገዛ ሰው ነው፤ ይዳብሳሉ፣ ጥርሱን ያያሉ፣ የሚጠቅማቸውን ይወስዳሉ፣ የተረፈውን ለባለቤቱ ይተዋሉ። የወሰዱትን ደግሞ ለመውሰድ ጊዜ አልፈጀባቸውም።

ከሞባይል በፊት የቤት ስልክ ነበር። ዳንቴል ለብሶ ኮሞዲኖ ላይ ይቀመጣል፤ ቁጥር ማዞሪያው ላይም አንዳንድ ቤት ትንሽዬ ቁልፍ ይንጠለጠልበታል። ቁልፍ ቢኖረውም ስልኩ የሰፈር ነበር። ከውጭ አገር ሲደወል «እከሊትን ጥሩልኝ፣ ከአሥር ደቂቃ በኋላ መልሼ እደውላለሁ» ይባልና አንድ ሕፃን ይላካል። እከሊትም ነጠላዋን አጣፍታ፣ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ትገባለች። የዛሬዎቹ ሰባና ሰማንያ ዓመት ባለጸጎች ስልክን የተዋወቁት በዚህ ሥርዓት ነው። ለቡና እንደሚጠራሩ ሁሉ በስልክም ይጠራሩ ነበር። በ1991 ዓ.ም. የሞባይል አገልግሎት አዲስ አበባ ላይ ሲጀመርም ያስቸገራቸው ማሽኑ አልነበረም። የገረማቸው ስልክ የአንድ ሰው ብቻ፣ የኪስ መሆኑ ነው። «ለብቻ የሚወራ ምን ነገር አለ?» ያሉ ነበሩ።

ቀጥሎ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ሲም ካርድ ወረፋ ከሚጠበቅበት ዕቃነት ወጥቶ በየሱቁ የሚገኝ ሆነ፤ የገጠሩም የከተማውም ሽማግሌ ስልክ ያዘ። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣችውና በዓለም ዙሪያ ከ250 ሚሊዮን በላይ የተሸጠችው ኖኪያ 1100 አናቷ ላይ የምታበራ ባትሪ ነበራት። የጎጃም ገበሬ የሆኑ አንድ አጎቴ «ባትሪ ነው የገዛሁት፤ እግረ መንገዱን ያስደውላል» ይሉ ነበር። ሌሊት ከብት ለማየት፣ መብራት ሲጠፋ ሽንት ቤት ለመሄድ የጠቀመች መሣሪያ ናት። ከዚያ ሬዲዮ መጣ። ከዚያ ሚሞሪ መጣ፤ ሱቅ ተወስዶ መዝሙር፣ ስብከት ወይም ቁርኣን ተጭኖበት የሚመለስ። ዳዊት መድገም ዓይናቸው የከለከላቸው እናቶች ማለዳ ስልካቸውን ትራስ ሥር አድርገው ያዳምጣሉ። ይህን ያደረጉት ማንም ሳያሠለጥናቸው ነው።

ማንበብ ያልቻሉት ደግሞ የራሳቸውን ብልሃት ፈጠሩ። የቁጥሩን የመጨረሻ ሁለት አሃዝ በቃል ይዘው ደዋዩን የሚለዩ አሉ። እናቴ እኔን «ሁለት ቁጥር» ትለኛለች፤ ሁለት ቁጥርን ጫን አድርጋ ስትይዝ የሚጠራው የኔ ስልክ ስለሆነ ነው። እህቴ ሦስት ናት። በአንድ ወቅት ስልኩ ተቀይሮ ቦታችን ተለዋውጦ ነበርና ለአንድ ሳምንት በእህቴ ስም ተወቅሻለሁ። ሚስኮልም ቋንቋ ሆኗል፤ አንድ ጊዜ ጠርቶ ከተቋረጠ «በሰላም ገብቻለሁ»፣ ሁለት ጊዜ ከሆነ «ደውልልኝ»። ይህን ያህል የሚራቀቅ ሰው ቴክኖሎጂ ፈራ ማለት ይከብዳል።

እንግዲህ ድምፅ የሆነውን ሁሉ ተቀብለዋል ማለት ነው። ችግሩ የሚጀምረው ስልኩ መናገር ትቶ መጻፍ ሲጀምር ነው። እዚህ ላይ ጥፋቱን አረጋውያኑ ላይ የሚጭን ሰው አንድ ታሪክ ማስታወስ አለበት። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ሚሊዮኖችን አስተምሮ ለአገሪቱ ከዩኔስኮ ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኝቶላታል። ያኔ በሠላሳዎቹ ዕድሜ ሆነው፣ ማታ በኩራዝ ሀ ሁ የቆጠሩ እናቶችና አባቶች ዛሬ ሰባዎቹን አጋምሰዋል። ማንበብ ይችላሉ፤ የምስክር ወረቀታቸውን ሣጥን ውስጥ ያስቀመጡም አሉ። ስልካቸው ላይ ግን ለዓመታት የመጣላቸው መልእክት ወይ እንግሊዝኛ ነበር፣ ወይ በላቲን ፊደል የተጻፈ አማርኛ። የኋለኛው ከፊተኛው የባሰ ነው፤ ቋንቋው የራሳቸው ሆኖ ሳለ ሲያዩት ባዕድ ነው። ለዚህ አንድ ጥርት ያለ ቴክኒካዊ ምክንያት አለ። አንድ አጭር የጽሑፍ መልእክት በላቲን ፊደል 160 ምልክት ይይዛል፤ በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ ግን 70 ብቻ። ስለዚህ በራስ ፊደል መጻፍ ለላኪው ቦታ ያጣብባል፤ መልእክቱ ሁለትና ሦስት ቦታ ይቆረጣል። በዚህ ቁጠባ የተጎዳው በዘመቻ የተማረው ትውልድ ነው። የዘመቻው ድካም በመልእክት ርዝመት ምክንያት ከንቱ ሲቀር ማየት ያናድዳል።

አማርኛው ሲመጣም በራሱ መንገድ ያደናግራል። ዘመናዊዎቹ ስልኮች ላይ አንድን ሥራ ለመተው የሚነካው ቃል «ይቅር» ነው። ጎረቤታችን የሆኑ አንድ እናት ይህን ሲያነቡ «ምን አጥፍቼ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ትርጉሙ ትክክል ነው ብዬ ልከራከር አሰብኩና ተውኩት። ሰዓቱም አለ። እኛ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት የምንለውን ስልኩ ስምንት ይለዋል፤ ቀኑንም በፈረንጅ አቆጣጠር ያሳያል። ብዙ አረጋውያን የስልካቸውን ሰዓት ልጅ ጠርተው በስድስት ሰዓት ያስቀይራሉ። ከዚያ በኋላ የመጣው መልእክት ሁሉ ሰዓቱ ይዛባል፤ የልጅ ልጅ ደግሞ «ማነው ይህን የነካካው?» እያለ መልሶ ያስተካክለዋል። በማግሥቱ እንደገና ይቀየራል። እኔ በዚህ ክርክር ከአያቶቹ ጋር ነኝ፤ ፀሐይ የምትወጣው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው።

ከፊደሉም ከሰዓቱም የሚከብደው ግን ገንዘቡ ነው። የሞባይል ገንዘብ አገልግሎቱ ቴሌብር በግንቦት 2013 ሥራ ከጀመረ ወዲህ የተጠቃሚው ቁጥር ከ50 ሚሊዮን አልፏል። በሚያዝያ 2015 አዲስ አበባ ላይ የነዳጅ ክፍያ በዲጂታል ብቻ እንዲሆን ሲወሰን፣ ዕድሜያቸውን በላዳ ታክሲ የጨረሱ ሾፌሮች ማደያ ላይ ስልካቸውን ለቀጂው እየሰጡ «አንተው ጨርስልኝ» ሲሉ አይቻለሁ። ሌላ ምርጫ ስላልነበራቸው ለመዱት። ምርጫ ያላቸው ግን አሁንም ጥሬ ብር ይመርጣሉ፤ ልጆቻቸው ደግሞ ይህን ኋላ ቀርነት ይሉታል።

ሁለቱንም ወገን የሚያሸማቅቅ ማስረጃ አለ። በመስከረም 2013 የብር ኖት ሲቀየርና አሮጌው በሦስት ወር ውስጥ እንዲመለስ ሲባል፣ ፍራሽ ሥርና ሞሰብ ውስጥ ያስቀመጡ ሁሉ ተሯሩጠዋል። ያኔ የልጆቹ ክርክር አሸነፈ። ከዚያው ዓመት ጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ ግን ትግራይ ውስጥ ለሁለት ዓመት ያህል ስልኩም ባንኩም በአብዛኛው ተዘጋ፤ ሒሳብ ውስጥ ያለ ብር ቁጥር ብቻ ሆኖ ቀረ። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ አማራ ክልል ውስጥ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋረጠ። በነዚያ ወራት እጁ ላይ ጥሬ ብር የነበረው ሰው ነው ጎረቤቱን ያበደረው። ንጉሥ፣ ደርግና ኢሕአዴግ አይቶ ያለፈ ሰው «ኔትወርክ ቢጠፋስ?» ብሎ ሲጠይቅ ጥያቄው ከድንቁርና የመጣ አይደለም። ስንት ጊዜ የጠፋ ነገር ያየ ሰው ጥያቄ ነው።

አጭበርባሪው ይህን ሁሉ አጥንቷል። «ሎተሪ ደርሶዎታል»፣ «ከባንክ ነው የምንደውለው፣ የሚስጥር ቁጥርዎን ይንገሩን»፣ «በስህተት ብር ልኬብዎታለሁ»። ሦስተኛው ይብሳል፤ የሚነካው ስስትን ሳይሆን ደግነትን ነው። ሰፈራችን ውስጥ ጡረታ የወጡ አንድ መምህር አሉ። ከባንክ የመጣ የሚመስል መልእክት ደረሳቸው፤ ወዲያው አንድ ወጣት እያለቀሰ ደወለ። ለታማሚ እናቱ መድኃኒት መግዣ ሊልክ ሲል ቁጥር እንደተሳሳተ ነገራቸው። ሒሳባቸው ላይ የገባ ነገር አልነበረም፤ መልእክቱ ሐሰት ነው። እሳቸው ግን የሰው ብር ቤቴ አያድርም ብለው ከራሳቸው ሦስት ሺህ ብር ላኩለት። ይህን ያወቅነው ከሁለት ወር በኋላ፣ ዕቁባቸውን ለምን እንዳቋረጡ ሲጠየቁ ነው። ለፖሊስም ለልጆቻቸውም አልተናገሩም። «ልጆቼ ስልኩን ይቀሙኛል ብዬ ፈራሁ» አሉኝ። ፍርሃት የምንፈልግ ከሆነ እንግዲህ ተገኘ። የሚፈሩት ማሽኑን አይደለም፤ በማሽኑ ሰበብ እንደ ሕፃን መቆጠርን ነው።

የሚስጥር ቁጥር የሚባለው ነገርም እዚሁ ይገባል። ባንኩ «ለማንም አይንገሩ» ይላል። ቤት ውስጥ ግን ቁጥሩን ያወጣው የልጅ ልጅ ነው፣ የሚያስታውሰውም እሱ ነው፤ ወይም በብጫቂ ወረቀት ተጽፎ ከስልኩ ባትሪ ጀርባ ተቀምጧል። ሲም ካርዱም በልጅ ስም የወጣበት ቤት ብዙ ነው። ስለዚህ የማረጋገጫ ቁጥር ሲላክ አረጋዊው ከራሱ ገንዘብ ጋር የሚገናኘው በሌላ ሰው በኩል ነው። ደግ ልጅ ካለ ጉዳት የለውም። ደግ ያልሆነ ሲገጥም ግን ስልኩን የያዘ ጡረታውን ያዘ ማለት ነው፤ አረጋዊውም የሚከሰው የገዛ ቤተሰቡን ይሆናል። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የቆመው የፋይዳ መታወቂያ ማንነታቸውን በገዛ አካላቸው እንዲያስመሰክሩ ዕድል ይሰጣል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም አርባ ዓመት ሞፈር የጨበጠ ወይም ወፍጮ የፈጨ ጣት አሻራው ስለሚደመሰስ ማሽኑ ቶሎ አያነበውም፤ ደጋግሞ ጣት ማጠብና መጫን ያስፈልጋል። ባይነበብም በዓይንና በፊት ይታገዛል። ወረፋው ግን ረጅም ነው፤ ወንበሩም ጥቂት።

አረጋውያን አምርረው የሚወቅሱትን ነገር ስጠይቅ ግን ገንዘብ ሁለተኛ ነው የሚመጣው። መጀመሪያ የሚያነሱት መርዶ ነው።

መርዶ የራሱ ወግ አለው። የሞት ዜና ለባለቤቱ የሚነገረው በማለዳ፣ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ደንጋጭ ሰው ከሆነ የሚይዘው ተዘጋጅቶ ነው። ማን ይናገር፣ ማን አጠገቡ ይቀመጥ ተብሎ ይመከራል። ሰውየው መንገድ ላይ ከሆነ ቤቱ እስኪገባ ይጠበቃል፤ ማታም ከሆነ እንቅልፉን ይተኛ ይባላል። ስልክ ይህን ሁሉ አፈረሰው። ዛሬ አንድ ሰው የወንድሙን ሞት ታክሲ ውስጥ ሆኖ፣ ሻማ ከበራበት ፎቶ ሥር «ነፍስ ይማር» የሚል ጽሑፍ አይቶ ይረዳል። ቀደም ብሎ የደረሰው የሩቅ ሰው ነው፤ ከንፈር መጠጣውን ለመግለጽ ስለቸኮለ የወንድምየውን መርዶ ቀማ። አሁን አሁን መርዶ ሊነግሩ የሚሄዱ ሽማግሌዎች አስቀድመው የሚያደርጉት የቤቱን ልጅ ጠርቶ የሟች ዘመድን ስልክ በሆነ ሰበብ ማስደበቅ ነው። «ቻርጅ ላድርግልህ» ብሎ ስልክ መውሰድ የሐዘን ሥርዓት አካል ሆኗል። እድሮችም ተከፋፍለዋል። ጥሩምባ ነፊውን አስቀርተው በስልክ መልእክት የሚጠሩ አሉ፤ ጥሩምባው ይቅር የተባለበት አንድ ስብሰባ ላይ ግን አንድ አዛውንት «መልእክቱ ለኔ ይደርሳል፤ ጥሩምባው ግን ለሰፈሩ ነበር» ሲሉ ሰምቻለሁ። የዚህን መልስ የሚያውቅ ሰብሳቢ አልነበረም።

ያው ስልክ በሌላ በኩል ሲታይ ግን ሌላ ነው። ከወሎም ከጅማም ወደ አረብ አገር የሄዱ ልጆች ለእናቶቻቸው የላኩት የመጀመሪያ ዕቃ ብዙ ጊዜ ተች ስልክ ነው። ደብዳቤ ጽፈው የማያውቁ እናት ኢሞ የተባለው የቪዲዮ መደወያ ላይ አንዷን ምልክት ለይተው ያውቃሉ፤ ሲጮህ ይነኳታል፣ ልጃቸው በአሠሪዎቿ ማድቤት ቆማ ትታያቸዋለች። ከስታለች፣ አልከሳችም ብለው ይመዝኗታል። ይህን የሚያህል ጥቅም የሚሰጥ መሣሪያ ማንም አይገፋም። አሜሪካ ያሉ አረጋውያን ደግሞ በረዶ ቤት ሲያውላቸው ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ በሚገባበት የስልክ መስመር ይጸልያሉ፤ ስብከትም ይሰማሉ። እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1991 ወደ እስራኤል የገቡት ወገኖች ጉዳይ ከበድ ይላል። የሐኪም ቀጠሮውም የመንግሥት ጉዳዩም በዕብራይስጥ በተሠራ መተግበሪያ ሲሆን፣ አማርኛ የሚናገሩት አያትና ዕብራይስጥ የሚናገረው የልጅ ልጅ የሚገናኙት በአንድ ስልክ ላይ ነው፤ ሕመማቸውን ለልጅ መዘርዘር ግድ ይሆንባቸዋል።

ምሁራኑ ምን ይላሉ? አሜሪካዊው ማርክ ፕሬንስኪ እ.ኤ.አ. በ2001 ሰውን በሁለት ከፈለ፦ በዲጂታሉ ዓለም ተወላጅ የሆነና ወደዚያ የተሰደደ። አባባሉ ተወደደ፤ ለኛ ግን ብዙ አይጠቅምም፤ ኢሞ ላይ ያሉት እናት ከየትኛው ወገን እንደሆኑ አይነግረንም። እ.ኤ.አ. በ1989 ፍሬድ ዴቪስ ያቀረበው ይሻላል። እሱ እንዳለው ሰው አዲስ መሣሪያ የሚቀበለው ሁለት ነገር መዝኖ ነው፦ ይጠቅመኛል ወይ? ይቀለኛልስ? እኔ ከባንኩ በርና ከማደያው ባየሁት ሦስተኛ እጨምርበታለሁ፦ ሲበላሽ ማንን እጠይቃለሁ? አረጋውያን ለዚህች ጥያቄ መልስ ሲያገኙ ይገባሉ፤ ሲያጡ ይወጣሉ።

በዚህ ሚዛን የተሳካ ሥራ አገር ውስጥ አለ። በ2006 ዓ.ም. ለገበሬዎች የተከፈተው 8028 የስልክ መስመር ምክሩን የሚሰጠው በድምፅ፣ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ ጭምር ነበር። ደዋዩ ማንበብ አይጠበቅበትም፤ ቁጥር ይጫናል፣ ይሰማል። ሚሊዮኖች ደውለውለታል። ጃፓኖች ደግሞ ለአረጋውያን ብለው ቁልፉ ትልልቅ፣ ድምፁ የጎላ፣ ለቅርብ ቤተሰብ ብቻ የተለዩ ቁልፎች ያሉት ራኩራኩ የሚባል ስልክ ሠርተው ለዓመታት ሸጠዋል። እኛ ዘንድ የሚያስፈልገው ያን ያህል እንኳ ውድ አይደለም። ባንኮች መልእክታቸውን በግዕዝ ፊደል፣ ለሚፈልግም በድምፅ ይላኩ። መስኮቶቻቸውን ሁሉ ወደ ስልክ ሲያዞሩ አንዷን፣ ወንበር ያላትን፣ ለአረጋውያን ይተዉ። ሲጭበረበሩ የሚደውሉበት ቁጥር ላይ ሰው ያንሳ።

አንባቢም የድርሻዎን ያድርጉ። እናትዎ ወይም አባትዎ «እስቲ ይኼን አስተካክልልኝ» ብለው ስልኩን ሲዘረጉ፣ ተቀብለው በሁለት ሰከንድ ጨርሰው አይመልሱላቸው። ስልኩ እጃቸው ላይ እንዳለ፣ በገዛ ጣታቸው፣ ሦስት ጊዜ ያስነኳቸው። እኔ ይህን ለመማር ዓመታት ፈጅቶብኛል። የጡረታ ቀን በር ላይ የማያውቋቸው ሽማግሌ ስልካቸውን ቢሰጡዎት ደግሞ ያንብቡላቸው፤ ቀሪ ሒሳባቸውን ግን ጆሯቸው ሥር ጠጋ ብለው ይንገሯቸው።